ከሦስቱ ወፍጮዎች የተመረጠው

አጎቴ ከእንሰቱ ስር ቆመው ነበር። ከከተማ የመጣው የማዕድን ባለሙያ ከመኪናው አጠገብ፣ ወፍጮ ወቃሪው መዶሻውን ይዞ ከአጥሩ ጥግ፣ ጎረቤታችን ሴትዮ ደግሞ የበሩን መቃን ተደግፋ። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ከሁሉም ራቅ ብዬ ነበርኩ። በመካከላችን፣ ሣሩ ላይ፣ ሦስት የእጅ ወፍጮዎች ከነመጃቸው ተደርድረዋል። ሦስተኛው የእናቴ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ወጣቶች ሴራሚክ ሲቆርጡ የድንጋይ አቧራ ሸተተኝ። ደረቅ፣ ትንሽ የተቃጠለ ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ ወቃሪው የደነዘ ወፍጮ በመዶሻ ሲያሻክር ግቢያችን እንዲህ ይሸት ነበር፤ ያ ቀን ትዝ ያለኝም በዚህ ነው።

ባለሙያው ሀቢቾ አካባቢ ለምርመራ የሰበሰበውን ድንጋይ አልሞ የሚፈጭበት መሣሪያ ተበላሽቶበት ነበር። መለዋወጫ እስኪመጣ በእጅ ወፍጮ ሊሠራ ስላሰበ፣ አጎቴ ከሰፈሩ ወፍጮ አሰባሰቡለት። አጎቴ በማዕድን ፍለጋው ካምፕ ዘበኛ ሆነው መቀጠር ይፈልጉ ነበር። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር።

ፈተናው ቀላል ነበር። በየወፍጮው ላይ ነጭ ጨው ተፈጨ፤ ጨውም በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ ሟሟ። ከስር የሚዘቅጠው ወፍጮው ከራሱ ያራገፈው ነው።

“ወፍጮው የራሱን ድንጋይ ከቀላቀለብኝ ሥራዬ ከንቱ ነው” አለ ባለሙያው።

የመጀመሪያው፣ ከወንዝ የተፈለጠው፣ ውሃውን አደፈረሰው።

ወቃሪው ሳቀ። “በዚህ የተፈጨ ዱቄት የሚቀርበው ለማይወደድ እንግዳ ነው።”

ወፍጮው የጎረቤታችን ነበር። “አንተ አይደለህ እንዴ የወቀርከው!” አለችው።

ድንጋዩ ከሞርሲቶ የመጣው ሁለተኛው ጥቂት አሸዋ ጣለ። ባለሙያው ሦስተኛውን ብርጭቆ ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላብጦ አየው። ከስሩ ምንም አልነበረም።

“ይሄ ነው!”

ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። በእኛ ሰፈር ጨው ቢፈጭበት ምንም አይደለም፤ የማይበላ ነገር የተፈጨበት ወፍጮ ግን ወደ እህል አይመለስም።

“ጋሼ፣ እሱ አይሰጥም” አልኩ።

አጎቴ እንግዳው እንዳይሰማቸው በሀዲይኛ መለሱልኝ። “ሰው ፊት አታዋርጂኝ። በሞተር እያስፈጨን ከእንግዲህ ማን ይንበረከክበታል?”

በዚያው ቋንቋ መመለስ ነበረብኝ። ሆን ብዬ፣ እንግዳው እንዲሰማ፣ በአማርኛ ተናገርኩ። “እኔ እንበረከክበታለሁ። የእናቴ ወፍጮ ድንጋይ አይፈጭም።”

“ውይ! ተምራ መጣችልን” አለች ጎረቤታችን። ማንም አልሳቀላትም።

ባለሙያው እኔንም አጎቴንም አየ። “እህቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። አጥበን እንመልሳለን።”

“ታጥቦ አይመለስም።”

“እኔ ሰጥቻለሁ!” አሉ አጎቴ፣ አሁን እሳቸውም በአማርኛ። “ጫኑት!”

ባለሙያውና ወቃሪው ወፍጮውን ተጋግዘው መኪናው ላይ ጫኑት። ከባድ ነው፤ ልነጥቃቸው አልችልም። በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ፣ መጁ፣ ግን ሣሩ ላይ ቀርቶ ነበር። መጅና ወፍጮ ለዓመታት እየተፋጩ አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል፤ የሌላ ወፍጮ መጅ ይንገዳገዳል እንጂ አያልምም።

መጁን አነሳሁት። እናቴ አውራ ጣቷን ታሳርፍበት የነበረው ቦታ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። የእኔ ጣት አልሞላውም።

ወቃሪው አቧራውን ከእጁ እያራገፈ “ያለ መጁ ምን ሊሠራበት ነው?” አለ።

“አስቀምጪ!” አሉ አጎቴ። “እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

መጁን በሹራቤ ጠቅልዬ አቀፍኩትና በእሳቸውና በባለሙያው መካከል አልፌ ከግቢው ወጣሁ።