ለእትዬ ሸዋረጋ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

የአስራ ስምንት ማዞሪያ ነዋሪዋ እትዬ ሸዋረጋ አየር ጤና ባለ አንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት በጥበቃ ሠርታለች። የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ ቀልዷንም ቁጣዋንም ያውቃል። አንድ ድክመት ግን አለባት፤ ይሉኝታ። ሰው አክብሮ የሰጣትን ነገር እምቢ ማለት አይሆንላትም።

ዘንድሮ የጥበቃ ድርጅቱ አዲስ ሕግ አወጣ። የታጠቀ ሁሉ የተኩስ ፈተና ይወስዳል፤ ከአሥር ጥይት ሰባቱን ዒላማ ላይ ያላሳረፈ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለውም። መሞከር የሚቻለው ሁለቴ ብቻ ነው።

በፈተናው ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ ሦስት ሽጉጦች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። የጥበቃ ኃላፊው ፈቀደ መዳፉ አካፋ የሚያህል ደግ ሰው ነው። ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበላት።

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይመርጥም። በሞቴ እትዬ፣ ይሄን ይያዙልኝ!»

ባልደረቦቿ አጨበጨቡ። ምን ትበል? ተቀበለች። እጀታው መዳፏን አልፎ ተረፈ፤ ጣቷ ቃታው ጋ ለመድረስ ሲንጠራራ ሽጉጡ እጇ ውስጥ ይዞራል። ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ መቱ።

ፈቀደ ደነገጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሴት የምትሆነው እቺ ናት» ብሎ መዳፍ ውስጥ የምትደበቀውን ትንሿን አቀበላት። ይሄም አክብሮት ነውና እጇን ዘረጋች።

አሠልጣኙ ጋሽ ይመር፣ ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ «ቆይ፤ መጀመሪያ ለልምምድ አንዴ ተኩሺባት» አሏት። ተኮሰች። ትንሿ ሽጉጥ እጇን እስከ ክርኗ ነዘረቻት።

«ቀላል ሽጉጥ ሲተኩስ ክፉኛ ይራገጣል» አሉ ጋሽ ይመር እየሳቁ። «ሽጉጥ እንደ ጫማ ነው፤ የሰው ልክ አይደረግም። ለመሆኑ ሥራ ላይ የት ነው የምትቀመጪው? ምን ትለብሻለሽ?»

«ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ጋሽ ይመር። ካፖርት እደርባለሁ። ትልቁን ይዤ ብነሳ ካፖርቱ ይይዘዋል።»

«ታዲያ ይሄን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

ዝም አይነቅዝም እያለች ነዋ የኖረችው! ዛሬ ግን ዝምታው ሥራዋን ሊያሳጣት ነው። ትንሿን ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት።

«ፈቀደ ልጄ፣ እንዳከበርከኝ እግዜር ያክብርህ። ሁለቱም ግን አይሆኑኝም።»

ማንም ያልነካውን፣ ቀለሙ የተላጠውን መካከለኛ ሽጉጥ አነሳች። ባዶ መሆኑን አረጋግጣ ወደ ዒላማው ያዘችው፤ የጣቷ ጫፍ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ አረፈ። ካፖርቷን ደርባ ሽጉጡን ታጥቃ ቁጭ ብድግ አለች፤ ምንም አልያዛትም። ፈቀደ ፊቱ ቅጭም አለ፤ ቢሆንም ሽጉጡን አልመለሰችውም።

ጥይት ሞልታ ተኮሰች። ከአሥሩ ዘጠኙ መቱ።

ፈቀደ ዒላማው ድረስ ሄዶ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠረ፤ አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ በሳቅ ፈንድቶ መጥቶ አቀፋት። እሷም በደስታ እንባዋ መጣ።

«በሉ እትዬ፣ ይሄን የተላጠ ሽጉጥ በስምዎ ላስመዝግበው?»

«አስመዝግበው» አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። «እግረ መንገድህን ዩኒፎርሜንም በልኬ አሰፋልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጅጌውን አጥፌ ነው የለበስኩት።»