ሆድ የሚያሳርፍ አረቄ

ቪዳ ልዩብልያና ከተማ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ገብታ እዚያው ያረጀች ሴት ናት። ሥራዋ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን አጥርቶ በበረዶ ማቆየት ነው። በረዶው ከቀለጠ ነቅተው እርስ በርሳቸው ይበላላሉ፤ የወራት ልፋት ገደል ይገባል። ባሏ ሲሪል፣ ሚስቴ በረዶ ጠባቂ ናት፣ እጇም እንደ ሥራዋ ቀዝቃዛ ነው እያለ መንደሩን ያስቅባት ነበር።

እሱ ደግሞ በረዷማው ክረምት በመጣ ቁጥር ቤት ለቤት እየተጠራ አሳማ የሚያርድ ሰው ነበር። በእርድ ቀን አራጁ ቀምሶ ካላመሰገነ ማዕዱ ላይ እጁን የሚዘረጋ የለም። ሲሪልም ማንንም ማስቀየም አይወድም፤ ክረምቱን ሙሉ በየቤቱ የደም ቋሊማውንና ጮማውን ሲያወራርድ ይከርማል።

አንድ ዓመት፣ በክረምቱ መሃል ጥር ላይ፣ የገዛ እናቱ ቤት አርዶ፣ ማዕዱ ሳይነሳ ሆዱን ይዞ አጎነበሰ። ሕመሙ እስከ ጀርባው ዘለቀ። እናቱ እማማ ኔዥካ ስቡ ተጭኖት ነው አሉና መራራ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን አረቄ ከጓዳ አወጡ። እዚያ አገር ሆዱን ለታመመ ሁሉ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሕፃን እንኳ በማንኪያ ይቀምሳል። ቪዳ ተቀብላ አጠጣችው። አስመለሰው። ደግማ ቀዳችለት። ዕድሜዋን ከኢንዛይም ጋር የጨረሰች ሴት፣ ባሏ ሆድ ውስጥ ምን እንደነቃ ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችም። ከቤተ ሙከራው ወጥታ እዚያ ቤት ስትገባ እሷም የእማማ ኔዥካ ምራት ብቻ ነበረች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ቆሽቱ ነው አላት። አንጀት ደርሶ መንቃት የነበረበት ሥጋ ቆራጭ ኢንዛይም እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ነቅቶ የገዛ ቤቱን እየበላ ነው፤ የሚሞቱት ሴሎች የያዙትን ሲዘረግፉ ብግነቱ ይብሳል፣ ብግነቱም ወደ ሳንባና ወደ ኩላሊት ይዛመታል። ምን እንደሰጡት ጠየቃት፤ ነገረችው። መነሻው የሐሞት ጠጠር ነው፣ አረቄው ግን አልበጀውም አላት።

"እኛ ቤተ ሙከራ ኢንዛይሙን ማቆሚያ አለን" አለች ቪዳ። "አንዲት ጠብታ ናት። ቱቦው ውስጥ ስጨምራት ወዲያው ቀጥ ይላል።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ። በሰው ላይም ተሞክሯል። ሰው ሆድ ውስጥ ግን እሺ አላለም።"

ቪዳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያቺን ጠብታ ስንቴ እንደ ዋዛ ቱቦ ውስጥ ጨምራለች፤ ለአንድ ሰው ግን አልሆነችም።

ሲሪል በትኩሳት እየነደደ ዓይኑን ገለጠ። "በረዶ ጠባቂ" አላት፤ "እስቲ ያን እጅሽን አምጪው፣ ዛሬ እንኳ ይጥቀመኝ።" ግንባሩ ላይ አኖረችው። ድካሙ እየጎተተው፣ "ምነው፣ እጅሽ ሞቀ?" አለና መልሶ ዓይኑን ጨፈነ። ሳምንቱ ሳይወጣ ሞተ።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እማማ ኔዥካ ያንኑ የአረቄ ጠርሙስ አምጥተው ቀዱላት።

"ጠጪ ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ሆድ ያሳርፋል።" ከዚያ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ። "እሱንስ ያን ቀን ትንሽ አሳርፎት አልነበር?"

ሐኪሙ ያለውን የሰማችው ቪዳ ብቻ ናት። የአሮጊቷን ፊት አየች።

"አሳርፎት ነበር፣ እማማ" አለችና ብርጭቆውን ጨለጠችው።