ወላጅ አምጪ

ኢቫኒልዲ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ በዚህ መሳቅ የሚፈልግ ካለ ይሳቅ፣ እሷ ቀድማ ስቃ ጨርሳለች። በወንዝ ዳሯ ቤሌም ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሁሉም ኒልዲ ነው የሚላት። የማታ ተማሪ ናት። በተመዘገበች ሳምንት የክፍሉ ወንበር ለዳሌዋ ጠቦ ክንዱን ገንጥላው ነበር፤ ዳይሬክተሩ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃት “እኔ ድሮም ይሄን ያህል ነኝ፣ ወንበሩን ጠይቀው” ብላ አለፈችው። ሂሳብ አትወድም። ታሪክ ግን ትወዳለች፤ የሞተ ሰው ሐሜት ስለሆነ ባለቤቱ መጥቶ አይጣላም ትላለች።

አብራት የምትኖር የልጅ ልጅ አለቻት፣ ራያኒ የምትባል፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ። ሁለቱም ዐሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ልጅቷ በቀን፣ አያትየዋ በማታ። የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ራያኒ ትሠራለች፣ ኒልዲ ትገለብጣለች፣ በለውጡ ዓሣ ትጠብሳለች። በዚህ ውል ማንም ተጎድቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ራያኒ ስልኳን እያየች ጮክ ብላ አነበበች። የወንዝ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍል ለሥራ ልምምድ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይፈልጋል፤ በቀን አራት ሰዓት፣ ወር ሲደርስ ክፍያ፣ የአውቶቡስ አበል ጭምር።

“ዕድሜ ምን ይላል?” አለች ኒልዲ።

“ዐሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ።”

“እኔ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ ነኝ።”

ራያኒ ሳቀች። ቀና ብላ የአያቷን ፊት ስታይ ሳቋን አቆመች።

“እማማ፣ በናትሽ! ይሄ እኮ ለልጆች ነው።”

“ልጆች የት ላይ ይላል? ተማሪ ነው የሚለው። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ወንበር ሰባሪ?”

“የማታ ተማሪ ነሽ።”

“ማታ ስለሆነ አይቆጠርም? ባልሽ ማታ ቢመጣ ባል አይደለም ልትይው ነው?”

ራያኒ ሳህኗን ይዛ ተነሳች። የአያቷ አፍ ከተከፈተ ምሳ እንደማይበላ ታውቃለች።

ነገሩ ግን የአፍ ብቻ አልነበረም። ኒልዲ ያንን መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ጠርጋዋለች። በጽዳት ድርጅቱ ሰማያዊ ጋውን፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ባለው በኋላ በር እየገባች። ጋውኑ ላይ የድርጅቱ ስም ነበር፣ የእሷ ስም አልነበረም። መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን የሞሉ ፋይሎች አሉ፤ በዚያ ወንዝ ላይ የቀዘፈ፣ የነገደና የሰመጠ ጀልባ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፋይሎቹን ጀርባ ስትወለውል ኖራለች፤ አሁን ሆዳቸውን ማየት ፈለገች። በፊት በር ገብታ፣ ስሟ የተጻፈበት ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ ማንበብ። ይሄን ለማንም አልተናገረችም፤ ስትናገረው እንደምታለቅስ ስለምታውቅ።

ከትምህርት የቀረችበት ታሪክ አጭር ነው። ከወንዙ ማዶ ደሴት ላይ ነው የተወለደችው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንዲት የከተማ እመቤት በጀልባ መጥታ ለእናቷ ለዶና ዶሚንጋስ “እንደ ልጄ ነው የማያት፣ አስተምራታለሁ” አለቻት። እናትም አመነች፤ በዚያ ደሴት ያላመነ እናት አልነበረም። እመቤቲቱ ሁለት የራሷ ሴት ልጆች ነበሯት፤ እነሱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እንደ ልጅ የምትታየዋ እስከ በሩ ድረስ ቦርሳቸውን ትሸከማለች። አንዴ ዶና ዶሚንጋስ ከደሴቱ ዘንባባ የለቀመችውን የአሳዪ ፍሬ በቅርጫት ተሸክማ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። “ትምህርት ቤት ናት” አሏት በሩ ላይ። ኒልዲ ጓሮ ልብስ እያጠበች የእናቷን ድምፅ ሰማች፤ ደርቃ ቆመች እንጂ መጣራት አልቻለችም። እናትየዋ ቅርጫቱን ትታ ደስ ብሏት ወደ ደሴቷ ተመለሰች።

እና ኒልዲ ዓይኗን በጨው አጥባ ለልምምዱ ተመዘገበች። ራያኒም ተመዘገበች፤ ለመምረጫው ጠሯቸው፣ ሰዓቱም ከዝናቡ በፊት ተባለ፤ እዚያ ከተማ ዝናብ በየቀኑ ከሰዓት ስለሚጥል ቀጠሮ የሚያዘው በእሱ ነው። መንገድ ላይ ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ለመነች።

“እዚያ ስንደርስ እንደማታውቂኝ ሁኚ።”

“አንቺን ብሎ ዘመድ! ደግሞ ማን አወቀሽ?” አለች ኒልዲ፣ እውነትም ቆሽቷ አርሮ።

በመጠበቂያው ክፍል ራያኒን ጨምሮ ዐሥራ አንድ ልጆች ፀጉራቸውን ተቀብተው ተደርድረዋል። የበሩ ዘበኛ ኒልዲን ሲያይ “ወላጆች ውጭ ነው የሚጠብቁት” አላት። “ወላጅ ብሆን ኖሮ ቤቴ ተኝቼ ነበር” አለችና ገብታ ተቀመጠች።

የምትመርጣቸው ሱዌሌን የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ሳይኮሎጂ ተምራለች። እዚያ አገር ሥራ የሚፈልግ ሰው በወጉ አይጠየቅም፤ ያጫውቱታል። በክብ አስቀመጠቻቸውና “እንስሳ ብትሆኑ ምን ትሆናላችሁ? ለምን?” አለቻቸው። አንዱ ንስር ነኝ አለ፣ አርቆ ስለሚያይ። አንዷ አንበሳ፣ መሪ ስለሆነች። ሦስተኛው ደግሞ ንስር። ራያኒ ዶልፊን አለች፣ በቡድን ስለምትሠራ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ “ውሻ” አለች፣ ምክንያቱን አልተናገረችም። አምስተኛው ንስር ሲያርፍ ተራው ኒልዲ ጋ ደረሰ።

“ጥንብ አንሳ።”

ሱዌሌን እስክሪብቶዋን አቆመች። “ጥንብ አንሳ አሉኝ?”

“አዎ። ወደብ ገበያው ላይ ያሉትን አይታችሁ አታውቁም? ጠዋት ከማንም ቀድመው ይገባሉ። ዓሣ ነጋዴው የጣለውን አንጀት ሁሉ ያነሳሉ። ደሞዝ የላቸውም፣ ዕረፍት የላቸውም፣ እንደምን አደራችሁ የሚላቸው የለም። አንድ ሳምንት ቢቀሩ ግን ከተማው በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ይሰደዳል። እስቲ ንስር በዕድሜው ምን ጠርጎ ያውቃል?”

አምስቱ ንስሮች መሬት መሬት አዩ።

ቀጥሎ የጀልባው ጨዋታ መጣ። “ዐሥራ ሁለታችሁም ጀልባ ላይ ናችሁ፤ ጀልባው እየሰመጠ ነው። አንድ ሰው ካልወረደ ሁላችሁም ታልቃላችሁ። ተመካከሩና ማን እንደሚወርድ ወስኑ።”

ምክክሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንደኛው ንስር ጉሮሮውን ጠረገና በትሕትና “እንግዲህ ማዘር ሕይወትን አጣጥመዋል…” አለ። አንበሳዋም “በፍቅር ነው እንጂ በክፋት አይደለም” አለች። ኒልዲ ትውረድ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። አንድ በአንድ ወጣ። ውሻዋ ብቻ አላወጣችም። ራያኒ ጫማዋን እያየች፣ እስከ ትከሻዋ ብቻ፣ አወጣች።

ኒልዲ ያቺን ግማሽ እጅ አየቻት። አመማት፤ ሳቋ ግን ቀደማት።

“እሺ፣ እወርዳለሁ። ለመሆኑ ዋና የሚችል አለ ከናንተ?”

“እኔ ገንዳ ውስጥ…” አለ አንዱ።

“ገንዳው ውስጥ አዞ ነበረበት? መቅዘፊያ ጨብጦ የሚያውቅስ?”

ማንም እጁን አላወጣም።

“በሉ እንግዲህ ስሙኝ። እኔ ደሴት ላይ ነው የተወለድኩት፣ ከመራመዴ በፊት ዋኝቻለሁ። አሁን ዘልዬ እወርድና ዋኝቼ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ። እናንተ መሃል ወንዝ ላይ ንስርና አንበሳ ሆናችሁ ቅሩ። ዶልፊኗ እንኳ ምናልባት ትተርፋለች።”

ራያኒ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሱዌሌን ሳቋን በወረቀት ከለለችና “እርስዎ ቢወስኑ ማንን ያወርዱ ነበር?” አለቻት።

“ምን በወጣኝ ሰው አወርዳለሁ? ጀልባ ሲያፈስ እኮ የሚጣለው ውሃው ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ሃያ አራት እጅ አለው። ጫማችሁን አውልቁና ቅዱ።”

ሱዌሌን የሆነ ነገር ጻፈች። ውጭ ዝናቡ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ መጣ፤ ኒልዲና ውሻዋ ተመርጠዋል። ራያኒ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ የኬሚስትሪውንም የቤት ሥራ ደበቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ራሷ መጥታ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና “እጄን ያወጣሁት አፍሬ ነው” አለች። ኒልዲም “ግማሹን ነው ያወጣሽው፣ ግማሽ ዓሣ ቀንሼብሻለሁ” አለቻት። በዚሁ ታረቁ።

ኒልዲ ውል ልትፈርም ስትሄድ በአዲስ ጫማ ነው። ሱዌሌን ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ፊቷ እየቀላ ሄደ።

“እትዬ ኢቫኒልዲ፣ አንድ ነገር አለ። ሲስተሙ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል።”

“የማን ወላጅ?”

“የርስዎ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲባል ሁሉም ልጅ ነው ተብሎ ነው የተሠራው። የእናትን ስም ራሱ ከመታወቂያው ይወስዳል። ያለ እሷ ፊርማ አያልፍም። አለቃዬን ጠይቄያለሁ፣ ዋናው ቢሮ ያስተካክለዋል ብለዋል፤ ግን በሦስት ወር። እስከዚያ ቦታው ይዘጋል።”

“እናቴ ሞታ ቢሆንስ?”

“የሞት የምስክር ወረቀት ይቀበላል።”

“አለመሞቷ ነዋ ችግሩ” አለች ኒልዲ። “እሺ፣ የስንት ቀን ጊዜ አለኝ?”

“እስከ ዓርብ።”

ኒልዲ በአዲሱ ጫማዋ ደረጃውን ወረደች። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ያጣችውን ነገር በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የሚከለክላት ኮምፒውተር ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ቤት ስትደርስ ግን ለራያኒ የነገረቻት በሳቅ ነው። “ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።”

ራያኒ አልሳቀችም፤ አያቷ ራሷ ሄዳ እናቷን እንደማትጠይቅ ገባት። ዓርብ ጠዋት ትምህርቷን ትታ ጀልባ ተሳፍራ ወደ ደሴቷ ሄደች። ዶና ዶሚንጋስን ይዛ መጣች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ እስከ ራያኒ ብብት ነው፣ ለከተማ የሚለበሰውን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳለች። ክንዷ ላይ የአሳዪ ፍሬ ቅርጫት አንጠልጥላለች፤ ባዶ እጇን መሥሪያ ቤት አትገባም። ሦስቱም በፊት በር ገቡ። ዘበኛው አሮጊቷን አየ፣ ኒልዲን አየ፣ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ።

ሱዌሌን ተነስታ ወንበር ሰጠቻት። “እማማ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት።”

“ፊርማ አላውቅም። ጣት ነው ያለኝ” አለች ዶና ዶሚንጋስ። “ለምንድን ነው የምፈርመው?”

“ልጅዎ እዚህ እንድትለማመድ ነው። ተማሪ ስለሆነች…”

“ትምህርት አለ ማለት ነው?”

“አለ፣ እማማ።”

አሮጊቷ ቀለሙን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። “ባለፈውም ትምህርት ቤት ናት ብለውኝ ነበር” አለች።

ሱዌሌን አልገባትም፤ ወደ ኒልዲ ዞረች። ኒልዲ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወንዙን ካርታ ታያለች። ራያኒ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ ፈልጋ አገኘችና ለቅድመ አያቷ ጆሮ ጮክ ብላ አነበበች፦ የልምምዱ ሰዓት ከተማሪዋ የትምህርት ሰዓት ጋር አይጋጭም፤ በፈተና ሰሞን የሥራው ሰዓት በግማሽ ይቀነሳል።

“ድገሚው።”

ደገመችው።

“ተጽፏል ወይስ ከራስሽ ነው?”

“ተጽፏል፣ ይኸው።”

ዶና ዶሚንጋስ የማታነበውን መስመር በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ ተጫነችው፤ ረጅም ጊዜ፣ ሙሉ ክብደቷን አድርጋ። ጣቷን ስታነሳ ሱዌሌንን ቀጥ ብላ አየቻት።

“ካላስተማራችኋት ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ። አሁን ቤቱን አውቄዋለሁ።”

ሱዌሌን “እሺ፣ እማማ” አለች፣ እንደ ተማሪ።

የኒልዲ እንባ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ሊንጠባጠብ ሲል እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

“አትጎብጪ አንቺ። ሰው ያይሻል።”

ኒልዲ አፍንጫዋን ጠርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።