የጋሼ ባቡር እግሮች

ጋሼ የምለው ሟቹ ታላቅ ወንድሜ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሐዲድ የማታውቀው መቱ እኔ ቤት ገባ። ለቁም ሣጥን ያስቀመጥኩትን የዋንዛ ሳንቃ ሳይጠይቀኝ እየቆረጠ ትንንሽ የናፍጣ ባቡር ይሠራበት ነበር።

እንግዳ ሲያደንቅለት ባቡሩን ገልብጦ ሆዱን ያሳያል። «ላዩማ ሁሉም አንድ ነው፤ እግሩን እዩ! ይሄ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ጥንድ ጎማ አለው፤ ያኛው ሦስት ሦስት።»

አንድ ቀን ከነጎማዎቹ ወልቆ የወደቀ እግር አንስቼ ሰካሁለት። እንግዶች ፊት ነቀለው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሌላ ባቡር እግር ነው! ለበሬ የፍየል እግር ይተከላል?»

ሁሉም ሳቁብኝ። እስካሁን አልረሳሁትም።

ከተዝካሩ በኋላ ይሠራበት የነበረውን ጠረጴዛ ሳጸዳ የመጨረሻ ሥራውን ገለበጥኩት። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሁለት ጥንድ ጎማ ነው ያለው። ዓይኑ ደክሞ ተሳስቶ ይሆን? ወይስ እንዲህ ያለ ባቡር ነበረ? ግራ ገባኝ።

ከያዮ የመጣችው ታናሽ እህታችን «ባቡር ባቡር ነው፣ እትዬ፤ ምን አስጨነቀሽ?» ስትለኝ ተቆጣኋት።

አንድ ስህተት ላገኝበት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። አሁን ያገኘሁ ይመስለኛል፤ ስህተት መሆን አለመሆኑን ሊነግረኝ የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነበር።