የምስማር ፋብሪካው ቤተሰብ ሥዕል

ቱላ መንገድ ላይ የምስማር ፋብሪካ የከፈቱት ጋሽ ደምሴ፣ የቤተሰባቸውን ስኬት በትልቅ ሸራ ላይ እንድስል አዘዙኝ። እሳቸውን ምስማር እንደ ጦር አስጨብጬ፣ ልጆቻቸውን በማሽኑ ዙሪያ ደርድሬ፣ ከሥር «ልማታዊ ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩበት።

በሥዕሉ ምርቃት ቀን፣ የክልሉ ባለሥልጣናት ሳይደርሱ ሥዕሉን ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው ሳሎን ልሰቅል መሰላል ላይ ወጣሁ። አክብሮቴን ላሳይ ብዬ የራሳቸውን ፋብሪካ ምስማር ግድግዳው ላይ መታሁ። ተጣመመ። ሁለተኛውም ተጣመመ። ሦስተኛውማ ጭራሽ ተሰበረ።

«ድሮስ ሠዓሊ መዶሻ የት ያውቃል!» አሉ ባለቤታቸው።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ይሄኔ ጋሽ ደምሴ መሰላሉ ሥር ተጠግተው፣ ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ምስማር አወጡና በሹክሹክታ፣

«በዚህ ምታው ልጄ፤ የውጭ ነው» አሉኝ። «የእኛው ለሽያጭ ነው።»