ካፒቴኑና የቆመችው መኪና

ጎረቤታችንን ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይላቸዋል። መርከብ ነድተው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው፣ አንድም ሰው ሳይገጩ ጡረታ የወጡ፣ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሱቄ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ነው። የሦስት ልጆች አባት ብሆንም እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ሐኪሙ አራት ወር መሪ እንዳይነኩ ከለከላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ወዲያው ግቢ ውስጥ የቆመችውን የቤት መኪናቸውን «እንሽጣት» አሉ። ግቢውን አጣባ ልብስ ማስጫ አሳጥታቸዋለች። ካፒቴን ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን እኔን ዳኛ አድርገው ተስማሙ፤ አራት ወሩ በሚያልቅበት ቀን መኪናዋ ቁልፉ መጀመሪያ እንደዞረ ከተነሳች እዚሁ ትቀራለች፣ ካልተነሳች ትሸጣለች። ገዢውም ዝግጁ ነው፤ የእትዬ ወንድም።

መኪናዋ ከሄደች ካፒቴን ሹፌር መሆናቸው ያበቃል፤ ጉልበታቸውን እያሹ የሚውሉ ጡረተኛ ይሆናሉ። የፈሩት ይህንን ነበር፤ እኔም አሳዘኑኝ።

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጠዋት ጠዋት በከዘራ እየተደገፉ ይወጡና፣ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ሞተሩን ያስነሳሉ። አምስት ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ አጥፍተው ወደ ቁርሳቸው ይገባሉ። የአውቶቡስ ሹፌሮች ልማድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ተሰልፈው አውቶቡሶቹን ያሞቁ ነበር። አውቶቡስ ግን ከሞቀ በኋላ እስኪመሽ ይሠራል።

«ጋሼ፣ ባትሪዋን እየገደሏት ነው» አልኳቸው። «ለማስነሳት ያወጣችውን ኃይል በአምስት ደቂቃ አትመልስም። ወይ ሌላ ሰው ግማሽ ሰዓት ይንዳልዎት፣ ወይ የባትሪውን ገመድ ፈትተን በወር አንዴ እንሙላት።»

«ሌላ ሰው?» አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «አንተ ልጅ፣ ስትወለድ እናትህን ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ!»

 ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ማቃሰት ጀመረ። ካፒቴን «ብርዱ ነው» አሉ፤ ፀሐይ አናታችንን እየጠበሰችው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ካፒቴን ለጉልበታቸው ፊዚዮቴራፒ እንደሄዱ፣ እትዬ ሱቄ መጡ። ዳኛውን ሊያባብሉ መስሎኝ ኮስተር አልኩ።

«ያንን ባትሪ መሙያህን ይዘህ ና» አሉኝ። «ለእሱ ትንፍሽ ካልክ ግን ዓይንህን አላይም!»

ከዚያ ወዲያ ካፒቴን ከሕክምናው በኋላ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ስለሚውሉ፣ በየቅዳሜው ባትሪውን እስኪጠግብ እንሞላው ነበር። እትዬ በገመዶቹ ማሰሪያ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዝቃጭ በሙቅ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው፣ አድርቀው፣ ቫዝሊን ይቀቡታል። ብሩሹ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቀኑ ደረሰ። ካፒቴን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው ወጡ። ቁልፉን አዞሩ፤ መኪናዋ ሳታንገራግር ተነሳች።

«አየህ አንተ ልጅ? በየጠዋቱ ማሞቅ ማለት ይህ ነው!» አሉና ሊያስተምሩኝ ኮፈኑን ከፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ማሰሪያዎቹ በቫዝሊን ያብረቀርቃሉ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ።

«ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «ባትሪውንም እሞላው ነበር።»

«አንቺ? መሸጥ አይደል እንዴ የፈለግሽው?»

«አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ያን ሰሞን ማቃሰት ስትጀምር ፊትህን በመስኮት አየሁት። ጭራሽ እምቢ ስትልህ ማየት አልችልም።»

ካፒቴን ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ለእትዬ ዘረጉላቸው።  «እንኪ፣ ሽጪያት። ያስነሳኋት እኔ አይደለሁም።»

እትዬ ቁልፉን አልተቀበሉም። የፊቱን በር ከፍተው ገቡና ቀበቶ አሰሩ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? አራት ወር ሙሉ በእግሬ ሄጃለሁ። ና ንዳኝ! የሽያጩን ነገር ስንመለስ እናወራለን።»

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በየቅዳሜው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። የሽያጩን ነገር ግን እስካሁን አላወሩም።