ንጹህ መኖ

አለቃዬን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ራሴንማ ተዉት።

በደርግ ዘመን መርሳ ተቀምጬ የከብት መኖ ናሙና እሰበስብ ነበር። በሀብሩ ወረዳ የሚወለዱ ጥጆች እግራቸው አልጸና እያለ ይሞቱ ነበርና ከመኖው ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ጎድሎ እንደሆነ ተጠረጠረ። ላም የምትፈልገው ኢምንት ነው፤ የሚለካውም አዲስ አበባ ባለ መሣሪያ ብቻ ነው። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ላሟ ከመውለዷ በፊት መርፌ ትወጋለች፤ ጥጃዋ ይተርፋል።

ግራና ከተማ አጠገብ አንዲት ላም ብቻ ያለቻቸው ሽማግሌ ነበሩ። የአምናው ጥጃ ሞቶባቸው ላሟ ዳግም አርግዛለች። የልጅ ልጆቻቸው ሌላ ወተት የላቸውም። መመሪያው «ንጹህ ናሙና» ይላል፤ አፈርና ዝገት ያልነካው ማለቱ ነው። እኔም እንደወረደ «አባቴ፣ ንጹህ መኖ ይስጡኝ» አልኳቸው። ነገ ብቅ በል አሉኝ። በማግስቱ ለምለም ሣር በከረጢቴ ሞሉልኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ደደብ!

ላሟ ሳትወልድ ውጤቱ መጣ፤ ማዕድኑ በቂ ነው ይላል። አለቃዬ መርፌውን ከለከለ። ነገሩ አልዋጥልህ ቢለኝ ተመልሼ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ለእንግዳ ግርዱ ይሰጣል እንዴ? ንጹህ ብትለኝ ጊዜ ወንዝ ወርጄ ከአማቼ ማሳ ዳር ለምኜ ነው ያመጣሁት። የእሷ ምግብማ ያ የጭንጫው ማሳዬ ጭድ ነው።»

ጭዱን ይዤ ወደ መርሳ ከነፍኩ። አለቃዬ ከረጢቱን በእጁም አልነካው። «ጓድ፣ ውጤቱ ለበላይ አካል ተልኳል። የተላከ ሪፖርት በአንድ ገበሬ ወሬ አይፈርስም» አለኝ። ጮህኩበት። ጠረጴዛውን ደበደብኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። መርፌዎቹ ከጀርባው ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ ቁልፉ ደረት ኪሱ ውስጥ። ቀምቼው መሄድ ነበረብኝ፤ የእንጀራ ነገር ሆነና ደብዳቤዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጥጃው ተወልዶ ሦስት ቀን ለመቆም ሲታገል ቆይቶ ሞተ። ስደርስ ላሟ ወተት እንዳትከለክል ቆዳውን ጭድ ሞልተው ፊቷ አቁመውላት ትልሰዋለች። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ትከሻዬን ያዙ።

«አብሽር ልጄ፣ አትዘን። የአላህ ሥራ ነው።»

የእኛ ሥራ ነው ማለት አቃተኝ። «አዎ አባቴ» አልኩና አላህን አሳማሁት።